«ቀነሰ» ማለት «ዳነ» ማለት ነውን?



ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ወጣት ልጃቸውን አስከትለው ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። «ልጄ፣ ሰውነት የሚመልስ ቫይታሚን ካለሽ ስጪኝ» አሉኝ። ልጁን አየሁት። ከስቷል፤ የጉንጩ አጥንት ገጥጦ ይታያል። ምን ሆኖ እንደነበር ስጠይቃቸው የሳንባ ነቀርሳ ታሞ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲወስድ እንደነበር ነገሩኝ።

«ታዲያ መድኃኒቱን ጨረሰ?» አልኳቸው።

«አይ፣ ሁለት ወር ከወሰደ በኋላ ተወው። አልሐምዱሊላህ፣ ሳሉ ቀንሶለታል። ትኩሳቱም የሌሊት ላቡም ጠፍቷል። ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል ብለሽ ነው? ሆዱን እያቃጠለው ተቸገረ እንጂ!»

እኚህ እናት አልዋሹም። ሳሉ በእርግጥ ቀንሷል። ነገር ግን የቀነሰው ሳሉ ነው ወይስ በሽታው? ይህችን ትንሽ ጥያቄ መለየት አለመለየት በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

«ቀነሰ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንሰማዋለን። «ኮሌስትሮልን ይቀንሳል»፣ «ሕመምን በግማሽ ይቀንሳል»፣ «የአእምሮን ውጥረት ይቀንሳል» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየጠርሙሱና በየካርቶኑ ላይ ተጽፈዋል። ለመሆኑ ተመራማሪዎች «ቀነሰ» ብለው ለመናገር የሚያበቃቸው ምንድን ነው? የት የት ላይስ ተሳስተው ተማሩ? በዛሬው ጽሑፋችን ይህንን እናያለን።

ሦስቱ «ቀነሰ»ዎች

በሕክምና ምርምር ውስጥ «ቀነሰ» የሚባሉ ነገሮች ብዙ ቢሆኑም በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

አንደኛው የበሽታው መቀነስ ነው። ይህ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ሊለካ ይችላል። በአክታ ውስጥ የሚታየው ባክቴሪያ ጠፋ ወይ? በራጅ የታየው ቁስል ጠበበ ወይ? በሕዝብ ደረጃም ይለካል። በዓመት ስንት ሰው አዲስ ታመመ? ስንት ሰው ሞተ? የዚህ ዓይነቱ መቀነስ ታላቁ ምሳሌ ፈንጣጣ ነው። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1976 ሲሆን፣ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ሕመምተኛ ደግሞ በ1977 በሶማሊያ ተገኘ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱን አወጀ። እዚህ ላይ ቁጥሩ ቀንሶ ቀንሶ ዜሮ ላይ ደረሰ።

ሁለተኛው የምልክት መቀነስ ነው። ሳል፣ ራስ ምታት፣ ውጋት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት የመሳሰሉት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ብዙዎቹን የሚያውቃቸው ሕመምተኛው ራሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የአንጎልና የነርቭ እንቅስቃሴ መቀነስ ነው። ይህንን ሕመምተኛው አያየውም፤ የሚነግረን መሣሪያ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ምንም ሳይሰማው በሽታው ልቡንና ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል። የማስታገሻ ኪኒን የዋጠ ሰው ደግሞ የጥርስ ሕመሙ ጸጥ ይልለታል፤ የጥርሱ መበስበስ ግን ይቀጥላል። እንግዲህ አንዱን አይተን ሌላውን መገመት የለብንም ማለት ነው።

ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ጉንፋን የያዘው ሰው የሆነ ነገር ጠጥቶ በሳምንቱ ቢሻለው የተሻለው በጠጣው ነገር ነው ልንል እንችላለን ወይ? አንችልም። ምክንያቱም ምንም ባይጠጣም በሳምንቱ ይሻለው ነበር። ስለዚህ «ቀነሰ» ስንል ያላወሳነው ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «ከማን ሲነጻጸር» የሚለው ነው።

ይህንን ጥያቄ ቀድመው ካነሱት ሐኪሞች አንዱ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሬይ ተወላጅ አቡበክር አር-ራዚ ነው። አል-ሓዊ በተባለው ታላቅ የሕክምና ስብስቡ ውስጥ ሲርሳም ስለሚባል ከባድ የአንጎል ሕመም ሲጽፍ፣ የሕመሙ መነሻ ምልክት ከታየባቸው ሰዎች መካከል አንደኛውን ክፍል ደም በማውጣት እንዳከመ፣ ሌላኛውን ክፍል ግን ሆን ብሎ ሳያወጣ እንደተወና ሁለቱን እንዳነጻጸረ ይገልጻል። ከሺህ ዓመት በፊት ይህን ማሰብ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም ደም ማውጣቱ ጠቅሟል የሚለው ድምዳሜው በዛሬ እውቀት የሚያስኬድ አይደለም። ማነጻጸሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ድምዳሜው ለምን ሳተ? ማን በየትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚወስነው ሐኪሙ ራሱ ከሆነ፣ ሳያውቀው ደህና ደህናዎቹን ወደ አንድ ወገን ሊያደላ ይችላል። ሁለቱ ወገኖች ከመጀመሪያውም እኩል ካልነበሩ ውጤታቸውን ማነጻጸር ያሳስታል።

መፍትሔው ዕጣ ሆነ። የዚህ ዝነኛው ምሳሌ ደግሞ ከተነሳንበት ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የተያያዘ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አዲስ መድኃኒት ለሁሉም የሚዳረስ አልነበረም። የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤትም በስታቲስቲክስ ሊቁ በብራድፎርድ ሂል ምክር 107 ወጣት ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ። 52ቱ በዚያን ጊዜ የነበረውን ሕክምና ማለትም የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። ዕጣው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር። የራጁን ፊልም ያነበቡት ባለሙያዎችም ፊልሙ የየትኛው ወገን ሕመምተኛ እንደሆነ አያውቁም ነበር። ለምን ቢባል፣ ሰው የሚጠብቀውን ነገር ያያል። ሐኪምም ሰው ነው።

እ.ኤ.አ በ1948 የታተመው ውጤት እንዲህ ይል ነበር። በ6 ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች የሞቱት 4 ናቸው። ካላገኙት 52 ሰዎች ደግሞ 14 ሞተዋል። ከ100 ሰው ቢታሰብ 7 ከ27 ጋር ማለት ነው። ታላቅ መቀነስ ነው!

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። እነዚያው ሰዎች እስከ 5 ዓመት ድረስ ክትትል ሲደረግባቸው መድኃኒቱን ካገኙት 58 በመቶ፣ ካላገኙት 67 በመቶ ሞተው ተገኙ። በ6 ወሩ የታየው ሰፊ ልዩነት አብዛኛው ተኖ ጠፋ። ዋናው ምክንያት ባክቴሪያው ብቻውን የመጣበትን መድኃኒት መላመዱ ነበር። በ1950 የታተመው ቀጣዩ ጥናት ስትሬፕቶማይሲንን ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣምሮ ሲሰጥ መላመዱ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። ዛሬ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ በመጀመሪያዎቹ ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ላይ የሚወስደው፣ በተለመደው ሕክምናም 6 ወር ሙሉ የሚቀጥለው ከዚህ ትምህርት በመነሳት ነው። እንግዲህ «ከማን ሲነጻጸር» በሚለው ላይ «በስንት ጊዜ ውስጥ» የሚለውን እንጨምር።

«በ30 በመቶ ቀነሰ» ሲባል

ወደ ቁጥሩ እንሂድ። እ.ኤ.አ በ1995 በስኮትላንድ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት ታተመ። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት የልብ ድንገተኛ ሕመም ያልያዛቸው 6,595 ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ፕራቫስታቲን የተባለ ኪኒን፣ ገሚሶቹ ደግሞ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ ኪኒን ለ5 ዓመት ገደማ ወሰዱ። ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 3,293 ሰዎች 248ቱ የልብ ድንገተኛ ሕመም ደረሰባቸው ወይም በልብ ሕመም ሞቱ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 3,302 ሰዎች ይህ የደረሰባቸው 174 ናቸው።

ይህንን በሁለት መንገድ መናገር ይቻላል። የመጀመሪያው «መድኃኒቱ የልብ ሕመምን በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «1,000 ሰው ለ5 ዓመት ሳይታከም ቢቆይ 75 ያህሉ ይታመም ነበር፤ ቢታከም ግን 53 ያህሉ ይታመማል። ስለዚህ 22 ያህል ሰው ተረፈ» የሚል ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ጆሮ ላይ የሚሰጡት ስሜት ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ከመቶ ሠላሳ ሰው እንደተረፈ ሊመስለው ይችላል።

22 ሰው ቀላል ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በአገር ደረጃ ሲባዛ ብዙ ሺህ አባወራ ማለት ነው። የምለው «በመቶ ይህን ያህል ቀነሰ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ሙሉ አይደለም ነው። ከ1,000 ሰው ሁለቱን የሚይዝ በሽታ ወደ አንድ ቢወርድም «በ50 በመቶ ቀነሰ» ይባላል፤ ከ1,000 ሰው 400ውን የሚይዝ ወደ 200 ቢወርድም «በ50 በመቶ ቀነሰ» ይባላል። ስለዚህ «ከስንት ወደ ስንት?» ብለን እንጠይቅ።

ሕመም ይቆጠራል እንዴ?

ለትኩሳት ቴርሞሜትር አለ፤ ለግፊትም መለኪያ አለ። ለሕመም ስሜት ግን እስከ ዛሬ ሚዛን አልተሠራለትም። ቋንቋችን ውጋት፣ ቁርጥማት፣ ቁርጠት፣ ፍልጠት፣ ጥዝጣዜ እያለ ይለያያቸዋል፤ መጠኑን ግን ሰውየው ካልነገረን አናውቅም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሕመምተኛውን «ምንም የማያምህ ከሆነ 0፣ ከዚህ የባሰ ሕመም የለም የምትለው ከሆነ 10፤ አሁን ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ለሕፃናት ከፈገግታ እስከ ለቅሶ የተደረደሩ የፊት ስዕሎች ይቀርባሉ። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት በዚህ መንገድ ብጠይቃቸው «ኧረ ልጄ፣ ሕመም ይቆጠራል እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል።

ቁጥሩ ሻካራ ቢሆንም ይጠቅማል። በብዙ ሕመምተኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ በ2 ነጥብ ያህል ወይም በ30 በመቶ ያህል ሲቀንስ ሰዎች «ለውጥ አለው» እንደሚሉ ታውቋል። ከዚያ በታች የሆነ መቀነስ በወረቀት ላይ ቢታይም ሰውየው ላይሰማው ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ሰው ወደ ሐኪም ወይም ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣው ሕመሙ በባሰበት ቀን መሆኑ ነው። ወገብ ሕመምና ራስ ምታት ከፍ ዝቅ የሚሉ ነገሮች ናቸው። በባሰበት ቀን የመጣ ሰው ምንም ባይደረግለትም ከሳምንት በኋላ ወደ ለመደው መጠን የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ምስጋናውን ግን የሚወስደው በመሃል የተዋጠው ኪኒን ነው!

ሁለተኛው ወጥመድ ፕላሴቦ ይባላል። ምንም መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን መድኃኒት ነው ብሎ የዋጠ ሰው ሕመሙ ሊቀንስለት ይችላል። ይህ ማስመሰል ወይም ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ በ1978 በካሊፎርኒያ መንጋጋ ጥርሳቸውን በተነቀሉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ፕላሴቦ ሕመማቸውን የቀነሰላቸው ሰዎች ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመሙ እንደባሰባቸው አሳየ። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ይህም ሰውነታችን ተስፋ ሲያደርግ ሞርፊን መሰል ማስታገሻ ከራሱ እንደሚያመነጭ የሚጠቁም ነበር። ስለዚህ ነው አንድ አዲስ ማስታገሻ «ሕመም ቀነሰ» ለመባል ከባዶ ኪኒን የበለጠ መቀነስ ያለበት። ሕመምተኛውም ሐኪሙም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ መቆየታቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንጎል ሲበርድና ሲሞቅ

አንዳንዶች «በሰው አፍ ከመተማመን አንጎሉን በመሣሪያ ማየት አይሻልም ወይ?» ይሉ ይሆናል። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን መሣሪያም የሚናገረውን ማወቅ ይጠይቃል።

ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በሰው ጭንቅላት ላይ ሽቦ አሳርፎ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ በ1924 ሲሆን ውጤቱን በ1929 አሳተመ። ዛሬ ኢ.ኢ.ጂ የምንለው ምርመራ ይህ ነው። በተለይ ለሚጥል በሽታ ምርመራ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ሆኖም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በማይጥለው ሰዓት ሞገዱ ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲፈተን ዋናው መለኪያ ሕመምተኛው በወር ስንት ጊዜ እንደጣለው በማስታወሻ ተመዝግቦ የሚቆጠረው ነው። ብዙ ጥናቶች በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸውን ሰዎች ለይተው ይቆጥራሉ። ለሕመምተኛው ግን ትልቁ ግብ ጨርሶ አለመውደቅ ነው። እሳት ዳር ለምታበስል እናት ወይም መንገድ ለሚያቋርጥ ልጅ በወር አራት ጊዜ መውደቅ ወደ ሁለት መውረዱ መልካም ቢሆንም በቂ አይደለም።

ሁለተኛው መሣሪያ ኤም.አር.አይ ነው። በመጽሔትና በቴሌቪዥን በቀይና በሰማያዊ ቀለም ያሸበረቀ የአንጎል ስዕል አይታችሁ ይሆናል። ያ ስዕል የነርቭ ሕዋሳትን ሥራ በቀጥታ አያሳይም። የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው። የዚህ ዘዴ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ በ1990 በሴይጂ ኦጋዋና በባልደረቦቹ ሥራ ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ወደርሱ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ደሙን አይቶ ሥራውን መገመት ይቻላል። ነገሩ ጭስ አይቶ እሳት አለ እንደማለት ነው። ጭስ ደግሞ በሌላ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ሲኒ ቡና የአንጎልን የደም ሥሮች በማጥበብ የደሙን ፍሰት ይቀንሳል። ይህ ማለት ግን ቡና የጠጣ ሰው አንጎል ሥራ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ጠጪዎቹ ምስክር ናቸው!

በተጨማሪም በስዕሉ ላይ «ቀነሰ» የሚባለው ሁልጊዜ ከሌላ ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር ነው። ብዙ ጊዜ ማነጻጸሪያው ሰውየው ጸጥ ብሎ የተኛበት ጊዜ ነው። አንጎል ግን አያርፍም። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምናወጣው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚፈጀው እርሱ ነው። ማርከስ ራይክል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2001 እንዳመለከቱት፣ ዝም ብለን ስንቀመጥ ሥራ የሚበዛባቸው፣ ሥራ ስንጀምር ደግሞ ቀዝቀዝ የሚሉ የአንጎል ክፍሎች አሉ። እንግዲህ «የአንጎል እንቅስቃሴ ቀነሰ» የሚለው በራሱ ጥሩም መጥፎም ዜና አይደለም።

በ2009 አንዳንድ ተመራማሪዎች ለትምህርት ይሆን ዘንድ አንድ የሞተ ዓሣ ወደዚህ መሣሪያ አስገብተው የሰዎችን ፎቶግራፍ «አሳዩት»። ከዚያ በኋላ የተገኘውን መረጃ ጥንቃቄ በጎደለው ስሌት ሲያሰሉት የሞተው ዓሣ አንጎል «እንቅስቃሴ» አሳየ! በትክክለኛው ስሌት ሲሰላ ግን እንቅስቃሴው ጠፋ። በብዙ ሺህ ነጥቦች ላይ ልኬት ሲወሰድ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ከፍ ወይም ዝቅ ማለታቸው አይቀርም። ቀለም ያለው ስዕል ስላየን ብቻ ተረጋግጧል ማለት እንደማይገባን ከዚህ ዓሣ እንማር።

የፕላሴቦን ነገር እዚህ ላይ እንቋጨው። በ2004 የታተመ ጥናት ፕላሴቦ ሲሰጥ ከሕመም ጋር በተያያዙ አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። በ2018 ግን የ20 ጥናቶች፣ የ603 ሰዎች መረጃ በአንድ ላይ ሲታይ፣ ሰዎቹ ሕመማችን ቀነሰ ያሉት በደንብ ሆኖ ሳለ የሕመም መለያ ነው በተባለው የአንጎል ምልክት ላይ የታየው መቀነስ እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም። የሕመም ስሜት አንድ ምልክት ብቻ አይቶ ከሚገመተው በላይ ሰፊ ነው ማለት ነው። መሣሪያው የሰውየውን አንደበት አልተካም።

ምልክቱ ቀንሶ ሞት ሲጨምር

ከሁሉ የከበደውን ታሪክ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። የልብ ድንገተኛ ሕመም ይዟቸው ከተረፉ ሰዎች መካከል የልብ ምታቸው የሚዛባባቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች «ምቱን የሚያስተካክል መድኃኒት ብንሰጥ ሞት ይቀንሳል» ብለው አሰቡ። ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች በኢ.ሲ.ጂ ላይ የሚታየውን መዛባት በግልጽ ይቀንሱ ስለነበር በአሜሪካ ለብዙ ሕመምተኞች ይታዘዙ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል አይደል?

በኋላ በዕጣ የተከፋፈለ ጥናት ተደረገ። ለጥናቱ የተመረጡት ደግሞ መድኃኒቱ ምታቸውን ያስተካከለላቸው ሰዎች ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1989 እነዚህን ሁለት መድኃኒቶች የሚፈትነው ክፍል ድንገት እንዲቆም ተደረገ። በ1991 ዝርዝሩ ሲታተም፣ በአማካይ በ10 ወር ክትትል መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሲሞቱ፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ነበሩ። በወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት ቀነሰ፤ ሞት ግን ከእጥፍ በላይ ጨመረ።

በቅርብ ዓመታትም ተመሳሳይ ጥያቄ በአልዛይመር ማለትም በአዛውንቶች የመርሳት በሽታ ላይ ተነስቷል። ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት በአንጎል ውስጥ የሚከማቸውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በእጅጉ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ በ2022 ይፋ በሆነው የ18 ወር ጥናት ውጤት የሕመሙ መባባስ «በ27 በመቶ ቀነሰ» ተባለ። 18 ነጥብ ባለው መለኪያ ሲታይ መድኃኒቱን የወሰዱት በ1.21 ነጥብ፣ ያልወሰዱት በ1.66 ነጥብ ባሱ። ልዩነቱ 0.45 ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገን በአማካይ ባሰ። የቀነሰው በሽታው ሳይሆን የመባባሱ ፍጥነት ነው። መድኃኒቱ በአንዳንዶች ላይ የአንጎል እብጠትና መድማት ስለሚያስከትልም ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል።

እኛስ ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን! ሁላችንም ተመራማሪ መሆን አይጠበቅብንም። ነገር ግን «ይቀንሳል» የሚል ነገር ስንሰማ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች መጠየቅ እንችላለን።

1. የቀነሰው ምንድን ነው? በሽታው፣ ምልክቱ ወይስ በመሣሪያ የታየ ነገር ብቻ?
2. ከስንት ወደ ስንት ቀነሰ? «በመቶ ይህን ያህል» ብቻ ከተባልን ዋናው ቁጥር አልተነገረንም።
3. ከማን ጋር ሲነጻጸር? ያልወሰዱት ሰዎችስ አልተሻላቸውም?
4. በስንት ጊዜ ውስጥ? ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ?
5. ሰውየው ምን ተጠቀመ? ረዘም ላለ ጊዜ ኖረ? ሥራውን መሥራት፣ መተኛት፣ መብላት ቻለ? ምን ጉዳትስ አገኘው?

መድኃኒት ለሚወስዱ ደግሞ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ራስ ምታቱ ጠፋ ብላችሁ አታቋርጡ፤ ግፊት የሚታወቀው በመለኪያ እንጂ በስሜት አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ለብዙ ወራት ባይጥላችሁም በራሳችሁ ፈቃድ አታቁሙ፤ ድንገት ማቋረጥ የማያባራ መውደቅ ሊያስከትል ይችላል። መቼና እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ሳሉ የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ የተደበቀው ባክቴሪያ የሚያልቀው ግን ወራት ፈጅቶ ነው። በመሃል ያቋረጠ ሰው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይዞ ለቤተሰቡም ሊተርፍ ይችላል።

ወደ እነዚያ እናት ልመለስ። የዚያን ዕለት ቫይታሚኑን አልሸጥኩላቸውም። «እናቴ፣ የቀነሰው ሳሉ ነው። በሽታው መቀነሱን የሚነግረን አክታው ነው። ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱ፤ ማቋረጡንም አይደብቋቸው» አልኳቸው። ቅር እያላቸው ሄዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። የልጃቸው አክታ ሲመረመር ባክቴሪያው ገና አልጠፋም ነበር። መድኃኒት ለምዶ እንደሆነም እየተጣራ መሆኑን፣ ሕክምናውንም እንደገና እንደጀመረ ነገሩኝ።

«ሳሉ ግን እኮ ቀንሶ ነበር» አሉኝ ዝግ ብለው።

«አዎ እናቴ፣ ቀንሶ ነበር» አልኳቸው። «በዚህኛው ጊዜ ሐኪሞቹ አበቃ እስኪሉ ድረስ እንጠብቃለን።»